ድንቡሼ ፊደል

ቆቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለጓድ ይርጋ ደምሴ
ደሴ

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር። አንተ ግን ሰላምታ ሳታስቀድም ስለ ብሩሽ ሳጥንህ ስለጠየቅከኝ እኔም ከሳጥኑ እጀምራለሁ። ሳጥንህ እዚህ የለም። ከተፋታን ወዲህ ያንተ የሆነ ነገር በዚህ ቤት እንዳይቀር ብዬ በዋጃው ሾፌር በኪሮስ እጅ ልኬዋለሁ። እስካሁን ካልደረሰህ ኪሮስን ጠይቀው።

አሁን ወደ እኔ ጥያቄ። ትናንት ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ከደሴ የፊደል ገበታ መጣ። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ አያሌው ራሱ በምስማር ግድግዳ ላይ መታው። ወንድሜ ግርማይ ሮጦ መጥቶ «ለተ፣ ነይ እይ፤ ልጅሽ ደሴ ሄዳ ስሟን ቀይራ ተመለሰች» አለኝ። ሄጄ አየሁ። ድንቡሼ ናት። ወፍራም፣ ክብ፣ ሆዷ ባዶ፤ ጠርዟ ብቻ በአንድ መስመር የተጻፈ። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «የለውጥ ፊደል፤ ንድፍ፦ ጓድ ይርጋ ደምሴ» ይላል።

ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ተጽፎ ይቀመጥ። የራህመትን ሻይ ቤት ታፔላ የጻፍኩት ቀለም ከገበያ በጠፋበት ዓመት ነው። የቀረን ጣሳው ግርጌ ላይ የተጣበቀ ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ፊደሉን ሞልቼ ብጽፍ ቀለሙ «ራህመት» ላይ ያልቃል፤ «ሻይ ቤት» የሚለው ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ ጻፍኩ። ማዕዘኑን ያከበብኩት ለውበት አይደለም፤ ጭቃ ልስን ላይ ሹል ማዕዘን ሲጻፍ ብሩሹ ልስኑን ይዞት ይወርዳል። ክቡን በሻይ ብርጭቆ አፍ ለካሁት። ራህመት ወጥታ አየችውና «ለተ፣ ይሄ ታፔላ ነው ወይስ ጡት የጠገበ ሕፃን?» አለች። ድንቡሼ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። አንተ ያን ቀን መሰላሉን ይዘህ ትስቅ ነበር። መሰላል መያዝ ንድፍ አይባልም።

በሚቀጥለው እትም ስሜ እንዲገባ፣ የእሷም ስም እንዲመለስ እፈልጋለሁ።

ስለ እናቴ የጠየቅከውን ለሚመለከተው ሰው እመልሳለሁ።

ለተ ብርሃን አብርሃ


ደሴ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ለተ ብርሃን

ሰላምታ ጎደለ ካልሽ፦ ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለግርማይ፣ ሰላም ለእናትሽ። የጎደለ ካለ ጻፊልኝ፣ እጨምራለሁ።

ሳጥኑ ከደብዳቤሽ በኋላ ደርሶኛል። የብሩሾቹ ፀጉር በሙሉ ከሥሩ ተቆርጧል። ማን እንደቆረጠው አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠብቅም።

ስለ ፊደሉ። አንቺ የጻፍሽው የአንድ ሻይ ቤት ስም ነው። ከዚያ ሁለት ሱቅና አንድ የሠርግ ዳስ። ገበታው ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አለ፤ ያን ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ የሣልኩት እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ የሚያምር ነገር ወረቀት ላይ ያው አይሆንም። ያንቺ መስመር ከግራ እግር ሥር ሳይገጥም ይቀራል፤ ብሩሽሽን አንሥተሽ የምትተይው ክፍተት፣ «በር» የምትዪው። አታሚው ዘንድ በር ያለው ፊደል የተሰበረ ፊደል ነው። እንደተሰበረ ቆጥሮ መለሰልኝ፤ እኔም ዘጋሁት። ስሙንም የቀየርኩት «ድንቡሼ» ብሎ ለኮሚቴ የሚያቀርብ ሰው ስለሌለ ነው። አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ታደርጊው ነበር። ባታደርጊው ደግሞ ፊደልሽ ዛሬም የራህመትን ዝንብ ሲቆጥር ይውል ነበር።

አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። መሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይልካል። ኮሚቴው ንድፉ የራሴ መሆኑን አብሮኝ ከሠራ ሰው ምስክርነት ይፈልጋል። አብሮኝ የሠራ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ወረቀቱን ጽፌ ልኬዋለሁ፤ መፈረም ብቻ ነው። ከፈረምሽ ሁለተኛ ደብዳቤዬን አታዪም።

እናትሽ እንዴት ናቸው? ሳል እንደያዛቸው ኪሮስ ነግሮኛል። እኔን በትግርኛ «ወደይ»፣ ልጄ፣ ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን መመለስ ፊርማ አይጠይቅም።

ይርጋ


ቆቦ፣ ኅዳር 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለጓድ ይርጋ

ወረቀቱ ደርሷል። አልፈርምም። ግርማይ የመሰላሉን እግር ሊያስተካክልበት አጥፎ ወስዶታል።

በሩን እንደ ስንፍና ጽፈኸዋል። ብሩሹ የጀመረበትና የጨረሰበት ቦታ ከተጋጠመ እርጥብ ቀለም እዚያ ተጠራቅሞ ግድግዳው ላይ እንባ እንደሚያወርድ አብረን አይተናል። በሩ እንባውን የሚያስቀር ነው። አንተ ጠረጴዛ ላይ ስለሆንክ አያንጠባጥብብህም፤ እዚህ ቆላ ግድግዳ ላይ ያንጠባጥባል። የ«ጠ»ን እግሮች ደግሞ ነጣጥለህ አቁመሃቸዋል፤ ለሽምግልና መጥተው በር ላይ የቀሩ ሦስት ሰዎች ይመስላሉ። እኔ መካከለኛውን ከፊት አድርጌ ሁለቱን ከኋላው አስጠግቼ ነበር፣ በአንድ አግዳሚ ተጣብበው እንደሚቀመጡ ሰዎች። የሰውን ነገር የሚወስድ ሰው ቢያንስ አስተካክሎ ይውሰድ።

ከገበታው ጋር የላክኸው መመሪያ እዚህ ሠርቷል፤ ይህን አልደብቅህም። ተማሪው የለየውን ፊደል ራሱ ባመጣው ቀለም ይሙላ ይላል። ቀለም ያለው ሰው የለምና የተገኘው ይመጣል፤ ከሰል፣ ጥላሸት፣ እርድ፣ ቀይ አፈር። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ መይሙና በመጀመሪያው ሳምንት «መ»ን ለየች፤ በእንሶስላ ሞላችው። ከዚያ ወዲህ መ የምታይበትን ሁሉ ትሞላለች። የሱቃችን በር ላይ የነበረውንም ሞልታብኛለች።

መሙላቱ ያንተ ሐሳብ ነው። የራህመትን ታፔላ የመንደር ልጆች በከሰል ሲሞሉት እኔ በድንጋይ ሳባርር «ተያቸው፣ የሚያውቁትን ነው የሚሞሉት» ያልከው አንተ ነህ። እኔ የሰው አልወስድም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። አንተ ደግሞ የእኔን ጻፍ።

ስለ እናቴ አትጠይቀኝ።

ለተ ብርሃን


ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ለተ ብርሃን

ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም። ደህና መሆንሽን የማውቀው ኪሮስ «ትሳደባለች» ብሎ በሰው ስለላከብኝ ነው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ኋላ ከሌላ ሰማሁ እንዳትዪ። ለሚያዝያ 23፣ ለሠራተኞች ቀን፣ በክፍለ ሀገሩ ያለ ቀበሌ ሁሉ መፈክሩን በግድግዳ ላይ በለውጥ ፊደል እንዲጽፍ መመሪያ ይወጣል። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ተቀባይነት አግኝቷል። አያሌው ሊያዝሽ ይመጣል። እባክሽ ገበታውን ተከትለሽ ጻፊው፤ በር፣ መስኮት እያልሽ አትጨቃጨቂ። አልጽፍም ካልሽ ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ቆቦ ውስጥ ብሩሽ የያዝሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ምስክርነቱንም ከሌላ ቦታ አገኛለሁ። ያንቺን የጠየቅሁት ቢሰጠኝ ደስ ስለሚለኝ ነበር። ያ ደስታ አልፏል።

ለገና ለእናትሽ ነጠላ ልኬ ነበር። ደርሷቸዋል? አንቺ መጻፍ ካልፈለግሽ ግርማይ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ካልሆነም ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ በፖስታ ላኩልኝ፤ ደርሷል ማለት እንደሆነ እረዳለሁ።

ይርጋ


ቆቦ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይርጋ

ግርማይ ታሥሯል።

አያሌው እንዳልከው መጣ። ገበታህን ዘርግቶ «ይህን ነው» አለኝ። የተሰረቀ ፊደል አልጽፍም ብዬ መለስኩት። ግርማይ እኔን ከጣጣ ለማዳን መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። የቀበሌውን አዳራሽ የውጭ ግድግዳ ኖራ ቀብቶ «መሃይምነትን ከመንደራችን እንደመስሳለን!» ብሎ ጻፈ፣ ከገበታህ ቀድቶ፣ በሩ የተዘጋ፣ ሆዱ ባዶ። ሥራውን ሲጨርስ የበዓሉ ዋዜማ ነበር፤ ገበያም የቆመበት ቀን።

ሰዉ ከገበያ ሲመለስ በዚያ አለፈ። ባዶ ፊደል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ስድስት ወር አስተምረነዋል። ሞላው። መይሙና ከመ ጀመረች፤ መፈክሩ ውስጥ መ ሞልቷል። ሌላው የሚያውቀውን እየፈለገ ገባ። አንዱ በከሰል፣ አንዱ በእርድ፣ አንዱ በቀይ አፈር። ገበሬ ከአህያው ወርዶ «ነ»ን ሞልቶ ሄዷል። የ«መ»ን ሁለት ቀለበት ዓይን አስመስሎ ብሌን የጨመረበትም አለ፤ ማን እንደሆነ ማንም አይናገርም።

በማግሥቱ ጠዋት ከደሴ የመጣው እንግዳ ለንግግር ግድግዳው ፊት ቆመ። ሰዉ ሳቀ። መቼም ራሱ የሞላውን ፊደል ከባለሥልጣን ራስ በላይ ሲያፈጥ አይቶ የማይስቅ ማነው? እንግዳው አብዮቱ የተሳቀበት መሰለው። አያሌው ሰው ማቅረብ ነበረበት፤ መሰላል ላይ የታየው ሰው ደግሞ ግርማይ ነው። «መፈክሩን ሆን ብሎ ባዶ ትቶ ለማላገጫ አዘጋጀ፣ ሕዝቡንም አስሞላ» ነው የሚሉት። አያሌው ፊደሉም መሙላቱም ለማስተማሪያ እንጂ ለመፈክር አልታዘዘም ብሏል። ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት ነው ይባላል። ከዚህ ከወጣ የት እንደደረሰ የሚነግረን አይኖርም፤ አንተም ታውቃለህ።

ምግብ ሳደርስ በቀዳዳ አነጋግሬዋለሁ። «መሰላሉን ከፀሐይ አስገቢው፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል» አለኝ።

የምጠይቅህ ይህን ነው። ፊደሉ፣ መሙላቱም፣ ለግድግዳ መታዘዙም ከደሴ፣ ካንተ እጅ የወጣ መሆኑን ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ በማኅተም ላክ። ግርማይ የታዘዘውን ነው የጻፈው። አንተ ብቻ ነህ ይህን ማለት የምትችል።

ለተ ብርሃን


ደሴ፣ ግንቦት 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተ ብርሃን

ሰላምታ የለኝም።

ትናንት ኪሮስ መጣ፤ ከኅዳር ወዲህ በአካል አልተገናኘንም ነበር። በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና «ነፍስ ይማር» አለኝ። «ማን ሞተ?» አልኩት። የምቀልድ መሰለው። ከዚያ ገባው፤ ፊቱን አዞረ። እናትሽ ከሞቱ አምስት ወር ሊሞላቸው ነው። አርባቸው ወጥቷል። እኔ በጥር ነጠላው ደርሷቸዋል ወይ እያልኩ ስጽፍ እሳቸው አፈር ገብተዋል፤ አንቺ ደብዳቤዬን አንብበሽ አጥፈሽ አስቀምጠሻል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ስለ ከሰልና ስለ እርድ ይህን ያህል ስትጽፊ ለእሳቸው አንድ መስመር አልተረፈሽም።

ብሩሼን ብትቆርጪ እሺ። ሌባ ብትዪኝ እሺ። ቀብር መከልከል ግን ጠላት ለጠላቱ አያደርገውም። መንገዱ እኮ የአንድ ቀን ነው። ደርሼ አፈር አለብሳቸው ነበር።

የግርማይን ነገር በተመለከተ። እዚህም ወሬው ደርሷል፤ እንግዳው ተቆጥቶ ተመልሷል። ገበታው ላይ ስሜ የገባው በአታሚው ስሕተት ነው ብዬ አመልክቻለሁ። ምስክርነትሽንም ከእንግዲህ አልፈልገውም፤ የመሰላሉ እግር ሥር ይቆይ። ሰኞ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ሲጠይቁኝ እውነቱን እናገራለሁ፦ ፊደሉ የተሠራው ቆቦ ነው፣ የሠራችውም ለተ ብርሃን አብርሃ ናት። ስሜ ይግባ ስትዪ አልነበር? ይገባልሻል።

ይርጋ


ቆቦ፣ ግንቦት 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይርጋ

ይህን ኪሮስ በእጁ ያደርስልሃል፤ ፖስታ ሰኞን አይቀድምም።

እናቴ ያረፈችው ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ ከገና በፊት። ነጠላህ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው፤ እንደታጠፈ አለ። ያልነገርኩህ ረስቼ አይደለም። እንዳትመጣ ነው። ብትመጣ ኖሮ ለቀስተኛው ከእኔ ይልቅ ለአንተ ያለቅስ ነበር፤ እሷም ብትሰማ ለአንተ ታደላ ነበር። ይቅርታ አልልህም። ብል ለግርማይ ብዬ ያልኩት ይመስልሃል፤ እውነትም ይሆናል።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ። እናቴ የትምህርት ጣቢያው ገብታ ነበር። ጥቅምት ላይ ከመይሙና ጎን ተቀመጠች። መምህሩን በትግርኛ እየመለሰችለት ሁለቱም ይስቁ ነበር። የግርማይን ግ ሞላች፣ የእኔን ለ ሞላች። ሳሉ ሲብስባት ቤት ቀረች፤ ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አሳየችኝና «እዚህ ጻፊልኝ» አለች። ድንቡሼን ጻፍኩላት፣ በር ያላትን። አንድ ቀን «ይርጋ በየትኛው ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዓይኗ እንደዚያ ደክሞ ራሷ ፈልጋ አገኘችው። በእርድ ሞላችው። ከቀብሩ ስመለስ በቢላ ፋቅሁት። ልስኑ ብቻ ተነሣ። ጎድጓዳው አሁንም አለ፤ ቅርጹ ይ ነው።

አሁን ስለ ሰኞ። ፊደሉ የለተ ነው ብለህ ብትናገር አልክድም፤ ድሮም የጠየቅሁህ ይህንን ነው። ግን ግርማይን አያስፈታውም። ታፔላ ጻፊዋ እኔ ከሆንኩ ነገሩ የቤተሰብ ሴራ ይሆናል፤ ሁለታችንም እንገባለን። ግርማይን የሚያስፈታው ፊደሉ የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ መሆኑ ብቻ ነው። ትእዛዝ ደግሞ የሚሆነው ያንተ ከሆነ ነው።

ስለዚህ የፈለግኸውን ልኬልሃለሁ። ወረቀቱን ከመሰላሉ ሥር አውጥቼዋለሁ፤ ቢቆሽሽም ይነበባል። «የለውጥ ፊደል በመባል የሚታወቀው ንድፍ ከመነሻው የይርጋ ደምሴ የራሱ ሥራ መሆኑን አብሬው የሠራሁ እኔ እመሰክራለሁ።» ቃሉ ያንተ ነው፣ ፊርማው የእኔ። ከራህመት ብርጭቆ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ መሰላል የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በስድስት ወር ውስጥ ከቆቦ ያገኘኸው ፊርማ ይህ ብቻ ነው። ብትፈልግ ቅደደው።

ለተ ብርሃን


ደሴ፣ ሰኔ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ለተ ብርሃን

ግርማይ ስለመፈታቱ እርግጠኛ ነህ ወይ ላልሽው፦ አዎ። የማስፈቻው ደብዳቤ ወጥቷል። ይህ ሲደርስሽ ቤት ይሆናል። ካልሆነ አያሌውን ጠይቂው፤ ደብዳቤው በእጁ አለ።

ስላደረግሁት ነገር ማመስገኛ አትጻፊ። እንደማትጽፊ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልንገርሽ። ላንቺ ብዬ አይደለም። ሰኞ ጠዋት እስክገባ ድረስ ያንቺን ስም ልናገር ነበር። ወረቀትሽ በኪሴ ነበር። ልቀደው አውጥቼ ነበር። የእናትሽን ነገር ባትጽፊልኝ ኖሮ እቀደው ነበር። የስሜን ፊደል በምን እንደሞሉት ባትነግሪኝ ኖሮ። አቀረብኩት። ንድፉ የእኔ፣ መሙላቱ የእኔ፣ ለግድግዳ ይሁን ማለቱም የእኔ። በሦስቱም ላይ ፈርሜያለሁ። ሦስተኛው ሐቅ ነበር፣ ሁለተኛውም። አንደኛው ውሸት መሆኑን የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን።

ጀርመን የሚሄደው ሌላ ሰው ነው። እኔን ወደ ሮቢት ልከውኛል፣ ለጣቢያው ኃላፊ ተብዬ። ሹመት ይሉታል። ደሴ ላይ ማርክስን የሚሥል ሰው በጠፋበት ጊዜ እኔ ጎሊና ወንዝ ዳር ጠመኔ እቆጥራለሁ። ገበታው በሙሉ እንዲሰበሰብ ታዟል። መፈክርም፣ ታፔላም፣ ማናቸውም የአደባባይ ጽሑፍ ከእንግዲህ በቀጥታ፣ ባለማዕዘንና በተሞላ ፊደል ብቻ ይጻፋል። ትእዛዙ ለሱቅም ይሠራል። የራህመትንም ያጠቃልላል፤ ሳይመጡብሽ ደምስሺው።

አሁን በደንብ አንብቢ። ድንቡሼ በመዝገብ የእኔ ናት። አንቺ ራስሽ መስክረሻል። አንድ ፊደል እንኳ በእሷ ብትጽፊ የሰው ንብረት ነክተሻል፤ የመጀመሪያው ከሳሽሽ እኔ እሆናለሁ። በር ያለውንም፣ በር የሌለውንም። የሱቅሽን በር፣ የእናትሽን ግድግዳ ሳይቀር ኖራ ቀቢው። አንድ ሰው አይቶ «ይህ የማን እጅ ነው?» ሊልሽ አይገባም። ይህን ልመና አታድርጊው፤ ክልከላ ነው።

ሮቢት ከቆቦ ቅርብ መሆኑን አውቃለሁ። አትምጪ። አውቶቡስሽ በዚያ ሲያልፍ አንቺም እለፊ።

ይርጋ


ቆቦ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለጓድ ይርጋ ደምሴ
ሮቢት

ግርማይ እንዴት ነው ብለህ በኪሮስ በኩል ጠይቀሃል። እኔን ብትጠይቀኝ ይቀላል፤ መልሱ ያው ነው። ገብቷል። ከስቷል። መጀመሪያ የጠየቀው መሰላሉን ነው፤ ተሰንጥቋል። ፀሐይ ላይ ትቼው ነበር። ተቆጣኝ፤ በቁጣው ደስ አለኝ። በእኔ ፈንታ ሄዶ እንደታሠረ አንድም ቀን አላነሣብኝም። አንተ ብትሆን በየቀኑ ታነሣው ነበር።

ኖራ ቀብቻለሁ። አስበህልኝ እንደከለከልከኝ እንዲገባኝ ከፈለግህ ገብቶኛል፤ ስለገባኝ ግን አልወደድኩህም። የሱቁን በር ቀባሁ፣ ሁለቱን ሱቆች ቀባሁ። የራህመትን ታፔላ ደምስሼ በቀጥታ ፊደል፣ በሙሉ ቀለም፣ ባለማዕዘን አድርጌ ጻፍኩላት። ወጥታ አየችውና እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ለተ፣ ቤቴን ፖሊስ ጣቢያ አደረግሽው» አለችኝ። «አሁን ሻይ የሚጠጣው ሁሉ መታወቂያውን ይዞ ይገባል።» እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚጠጣው።

መይሙና ሙሉ ፊደል አይታ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷታል። «ተሞልቶ ከመጣማ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለችኝ። ላንተ ያለች መሰለኝ፤ እዚያው ጣቢያህ ላይ መልስላት።

የእናቴን ግድግዳም ቀባሁት። ጎድጓዳውን ግን ኖራ አልሞላውም። ሁለተኛ አልደረብኩበትም።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ ጎብዬ ስሄድ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ሮቢት ላይ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወረደ። እኔ አልወረድኩም፤ እለፊ ብለኸኛልና ተቀምጬ ነው ያለፍኩት። ከመስኮቱ ግን ታፔላህ ይታያል። «የሮቢት መሠረተ ትምህርት ጣቢያ»። ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ ሹል፣ ሆዱ ሙሉ፤ ልክ ትእዛዙ እንደሚለው። በደንብ ተገዝተሃል ብዬ ፊቴን ላዞር ነበር። ከዚያ የፊደሎቹን እግር አየሁ። ከእያንዳንዱ ግራ እግር ሥር ብሩሽህን አንሥተህ የተውከው ነጭ ክፍተት አለ፣ ጣት የማያስገባ። በመጀመሪያው ላይ ቀለም ያለቀብህ መሰለኝ። ሁሉም ላይ አለ።

ጎማው እስኪቀየር አየሁት። ከጎኔ የምትቀመጠው ሴትዮ ተመልሳ ስትገባ «ምን ታያለሽ?» አለችኝ። ታፔላ አልኳት።

የ«ጣ» እግር አሁንም ጠማማ ነው። አስተካክለው።

በሩን አትንካው።

ለተ ብርሃን